እንግዳ ይበላል

ሥራ ያገኘሁበት ማስታወቂያ «የማያወራ ጸሐፊ ይፈለጋል» ይል ነበር። ከዩኒቨርሲቲ በቋንቋ ጥናት ተመርቄ፣ ለቃለ መጠይቅ በተጠራሁ ቁጥር ድምፄ እየጠፋብኝ ስለከረምኩ እኔን አይተው የጻፉት መሰለኝ።

በመጀመሪያው ቀን በሩን የከፈቱልኝ በምንኖርበት የውጭ አገር ከተማ፣ ሲዋርድ በሚባለው ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ ፖላንዳዊ ሽማግሌ ናቸው። ስማቸውን «ዝቢግኒየቭ» ብለው ነገሩኝ። ልደግመው ስሞክር ምላሴ ተቆላለፈ።

«ተይው፤ ሕፃን ሳለሁ እኔንም አስቸግሮኛል» አሉኝ በእንግሊዝኛ። የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነበር። እኔን «ፓኒ ሐና» ይሉኛል፤ በእነሱ አገር የአክብሮት ጥሪ ነው።

ሥራው ይህ ነበር፦ እሳቸው በሻይ ማንኪያ ብርጭቆ እየመቱ የሥራ ዘመናቸውን ይተርካሉ፣ እኔ በኮምፒውተር እጽፋለሁ። ማንኪያው ለምት ነው። ያለ ምት ምንም ነገር አያስታውሱም፤ የመድኃኒታቸውን ሰዓት እንኳ።

በወጣትነታቸው አንድ ቁም ነገረኛ የግጥም መጽሐፍ አሳትመው ነበር። «እናቴ ገዛችው፣ አክስቴ ከእናቴ ተዋሰችው፤ ገበያው በዚሁ ተዘጋ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ለካባሬ የዘፈን ግጥም ጸሐፊ ሆኑ። ካባሬ ማለት ምድር ቤት ውስጥ ጥቂት ጠረጴዛ፣ አንድ ፒያኖና በሹመኛ ላይ የሚያሾፍ ዘፈን ማለት ነው።

የሙያውን ማዕረግም አስጻፉኝ። ከሁሉ በላይ ዘፋኟ ናት። ከእሷ ቀጥሎ ፒያኖ መቺው፣ ከእሱ ቀጥሎ መጋረጃ ጎታቹ ነው። ግጥም ጸሐፊው ከኩሽናው በር አጠገብ ይቀመጣል። አስተናጋጅ በወጣ ቁጥር በሩ ትከሻውን ይመታዋል።

በዚያ ዘመን ማንኛውም ግጥም በሳንሱር ማለፍ ነበረበት። አንድ ጊዜ ስለ አዲስ ሕንፃ ሊፍት ጻፉ። «ሊፍታችን ወደ ላይ ይወጣል» የሚል ነበር። ሳንሱሩ ደስ ብሎት ማኅተም መታበት። መድረክ ላይ ዘፋኟ የሊፍቱን ቁልፍ ተጫነች፣ ሙዚቃው ተጫውቶ እስኪያልቅ ቆመች፣ ሰዓቷን አየች። በመጨረሻ ጫማዋን አውልቃ «ሊፍታችን ወደ ላይ ይወጣል» እያለች ደረጃውን በእግሯ ወጣች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳንሱሩ «ይህ ወረቀቱ ላይ የታለ?» ብሎ መጣ። «ወረቀቱ ላይማ የለም ጌታዬ፤ ልጅቷ ቸኩላ ነው» አሉት።

እኔም ስለ እኛ ግጥም ነገርኳቸው። «ቤት መምታት» የሚለውን ቃል በቃል ስተረጉምላቸው ማንኪያውን አስቀመጡ። «ቤት ትመታላችሁ? ቤቱ ምን አጠፋ?» አሉ። ቃሉን ወደዱት። ሳምንቱን ሙሉ «ቤት መታ፣ ቤት መታ» እያሉ ሻይ አፈሉ።

ምሳ የምንበላው ማዶ ካለው የእትዬ ጽጌ ምግብ ቤት ነው። እትዬ ጽጌ የአሠሪዬን ስም ለመጥራት ሁለት ቀን ታግለው በሦስተኛው «ጋሽ ዝብርቅ» ብለው ደመደሙት። ትርጉሙን ለሽማግሌው ስነግራቸው «በትክክል ያወቀኝ የመጀመሪያው ሰው» አሉ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ጋሽ ዝብርቅ ሹካቸውን አስቀምጠው እንዲህ አሉኝ፦ «ፒያኖ መቺዬ ሞቷል። ዘፋኟ ሞታለች። ሳንሱሩ እንኳ ሞቷል፣ ነፍሱን ይማር። ከመከተሌ በፊት ካባሬ ውስጥ ተቀምጬ የኩሽና በር አንድ ጊዜ እንዲመታኝ እፈልጋለሁ። ንገሪያቸው፤ አንድ ቅዳሜ ይስጡን። ግጥሙን አንቺ ትጽፊያለሽ።»

ለእትዬ ጽጌ ተረጎምኩ። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር መዝለሌን ግን ከፊቴ አውቀው «ፓኒ ሐና፣ አሳጥረሻል» አሉኝ።

እትዬ ጽጌ አሰቡ። «ቅዳሜ እኮ ኳስ አለ የኔ ልጅ። ካስተመሬ ሁሉ ኳስ ነው የሚያየው። እሺ፣ ለጋሽ ዝብርቅ ስል አንድ ቅዳሜ ቲቪውን ኦፍ አደርጋለሁ። ሰው ካልሳቀ ግን ዘፈኑ መሐልም ቢሆን ኦን አደርገዋለሁ።» ሪሞቱን ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

ዘፋኝ የሆኑልን ጋሽ ቶሎሳ ናቸው። የከተማ አውቶቡስ ይነዳሉ፤ በሠርግ ላይ በኦሮምኛም በአማርኛም ይዘፍናሉ። ዜማውን ጋሽ ዝብርቅ በትንሽ ኪቦርድ ሲጫወቱ ለጋሽ ቶሎሳ ቀዳሁላቸው። ግጥሙን ጽፌ በቴክስት ላክሁ። እንዲህ ይላል፦

በጽጌ ቤት እንግዳ ይበላል፣
ሽማግሌው ይበላል፣ ሙሽራው ይበላል፣
ሕፃኑም ከእናቱ አብሮ ይበላል፣
ሳይበላ የወጣ ከወዴት ይገኛል?

ጋሽ ቶሎሳ ደወሉ። «ሐንዬ፣ እስኪ አንድ ጊዜ አሰሚኝ።»

«ልኬዋለሁ እኮ ጋሼ።»

«አይቼዋለሁ። በድምፅሽ በይው እንጂ።»

«ኔትወርኩ ይቆራረጣል» አልኩና ራሴ ቆረጥኩት።

ጋሽ ዝብርቅም «ዘፈንሽለት?» ብለው ጠየቁኝ። «ላክሁላቸው» አልኩ። «የሚላከውማ ኬክ ነው» አሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ሞላ። ቲቪው ጠቁሯል። ኳስ ሊያዩ የመጡ ሰዎች ጥቁሩን ቲቪ ይመለከታሉ። ጋሽ ዝብርቅ ክራቫት አስረው ከኩሽናው በር አጠገብ ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላቸው ተደበቅሁ። ጋሽ ቶሎሳ ጉሮሯቸውን ጠርገው በዚያ በሚያምር ድምፃቸው ጀመሩ። «ይበላል» የሚለውን አጥብቀው ነው የዘፈኑት።

ለወጣት የዘፈን ግጥም ጸሐፊዎች ላስረዳ። ፊደላችን ላልቶና ጠብቆ የሚነበበውን ለይቶ አያሳይም። ይህ ቃል ሲላላ እንግዳው በላተኛ ነው። ሲጠብቅ እንግዳው ምግቡ ነው።

ስለዚህ በእትዬ ጽጌ ቤት ሽማግሌው ተበላ። ሙሽራው ተበላ። ሕፃኑ ከእናቱ ጋር ተበላ። ሳይበላ የወጣም ጠፋ። ከዉድበሪ የመጣች ነርስ ልጇን ወደ ጭኗ ሳበች። ከኒው ሆፕ የመጣ አንድ ሰውዬ ተነስቶ «ኧረ እኛ የመጣነው ልንበላ እንጂ ልንበላ አይደለም!» አለ። (ይህን ጮክ ብላችሁ ካላነበባችሁት አይገባችሁም።)

ሳቁ የጀመረው ያኔ ነው። ኩሽና ውስጥ የጥብስ ሥጋ እየከተፉ የነበሩት እትዬ ጽጌ ሰሙ። በሩን በርግደው ወጡ። በአንድ እጃቸው ሪሞት፣ በሌላው የሥጋ ቢላዋ ይዘዋል። ቢላዋውን ያየ ሁሉ በሳቅ ከወንበሩ ወደቀ።

«ሃያ ዓመት ሰው ሳበላ ኖሬ፣ ዛሬ ሰው በላ ልባል? ማነው የጻፈው?»

ጋሽ ቶሎሳ ወደ እኔ ጠቆሙ። «እኔ ምን ላድርግ እትዬ? ጥፋቱ የፊደሉ ነው። በኦሮምኛው ፊደል በቁቤ ብትጽፍልኝ የሚጠብቀውን ደርባ ትጽፈው ነበር፤ ሰውም አልበላም ነበር!»

«ነይ ውጪና አስተካክዪ!» አሉኝ እትዬ ጽጌ። ሪሞቱን ወደ ቲቪው ዘረጉ። «አለዚያ ኳስ ነው!»

ጋሽ ዝብርቅን አየኋቸው። በሩ መትቷቸው ከወንበራቸው ግማሽ ወርደዋል፤ ትከሻቸውን ይዘዋል፣ ፊታቸው ግን ያበራል። ያቺን አንዷን አማርኛቸውን አገኟት፦ «ቤት መታኝ! ፓኒ ሐና፣ ቤት መታኝ!»

ኳሱ በእሳቸው ላይ እንዲከፈት አልፈለግሁም። ተነሳሁ። ድምፄ እንደ ትንኝ ነው። «እንግዳ ይበላል» ብዬ አላልቼ ዘፈንኩ። ቤቱ በሙሉ አጥብቆ «ይበላል!» ብሎ መለሰልኝ። ሌላው ስንኝም እንደዚያው ሆነ። እኔ እንግዶቹን አበላለሁ፣ እነሱ ይበሏቸዋል። እትዬ ጽጌ ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው ሳቁ አመለጣቸው። ሪሞቱ ወደ ሽርጡ ኪስ ተመለሰ።

በእረፍት ላይ ጋሽ ዝብርቅ ሁሉንም አስተረጎሙኝ። «ታዲያ ወረቀቱ ላይ ልዩነቱ አይታይም?» አሉ።

«አይታይም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህን የመሰለ ፊደል እያለ እኔ በፖላንድኛ ደከምኩ!»

አሁን በየቅዳሜው እንሠራለን። እትዬ ጽጌ የተሳሳተው እንዳይቀየር አዝዘዋል፤ እንግዶች እየደወሉ «ሰው የሚበላበት ቤት እናንተ ናችሁ?» ይላሉ፤ እሳቸውም «አዎ፣ ኑ» ይላሉ። ጋሽ ዝብርቅ ቦታቸውን አልቀየሩም። ትከሻቸው ላይ ትራስ አስረዋል።

አዲስ ግጥም ስጨርስ የጋሽ ቶሎሳ አውቶቡስ ወደሚቆምበት ማዞሪያ እሄዳለሁ። ከወንበራቸው ኋላ ቆሜ ዘፍኜ አሰማቸዋለሁ። ባለፈው አንዲት ተሳፋሪ አዝናልኝ ሙዝ ሰጠችኝ። ተቀበልኩ።

ግጥም ለዘፋኝ አይላክም። ሄደው ያዜሙለታል።