አባቴ ወንዝ ውስጥ፣ ሽማግሌዎቹ ሳሎን ውስጥ

ባለፈው ቅዳሜ ባሌ ዳንኤል ሽማግሌ ሆኖ እዚሁ አትላንታ አጠገብ ስማይርና ሄዶ ነበር። የጓደኛው ልጅ ሊያገባ ነውና ሦስት ሆነው የልጅቷን አባት «ልጅዎን ለልጃችን» ሊሉ ነው የሄዱት። እንደ ደንቡ መልስ ሳይሰሙ አይቀመጡም። አባትየው ሲያቅማማ ቆመው ዋሉ መሰለኝ፣ ሲመለስ ጉልበቱን ይዞ ሶፋው ላይ ተዘረጋ። «ሰው እንዴት ሽማግሌ አቁሞ ያሰላስላል? ነውር አይደለም?» ይለኛል።  ለእሱ የተላኩት ሽማግሌዎች ስንት ሰዓት እንደቆሙ የማውቀው እኔ ነኝ።

የኔ ጉዳይ የሆነው በጾመ ነቢያት ነው፤ ትምህርት ጨርሼ ሥራ በያዝኩ ሰሞን። ያኔ የምንኖረው እዚያው አትላንታ ዳር ሊቶኒያ ነበር። አባቴ ከሱዳን ካምፕ ወጥቶ አትላንታ ከገባ ጀምሮ መጋዘን ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። አይጠጣም፣ ካርታ አይጫወትም፣ ፖለቲካ ሲወራ ተነስቶ ይሄዳል። እናትሽ ታድላለች እንዳትሉ። ዓሣ ያጠምዳል።

ዓሣ ማጥመድ ስል ወንበር ዘርግቶ፣ ትል ሰክቶ መቀመጥ እንዳይመስላችሁ። ስቲልሄድ የሚባል ዓሣ አለ፤ ወንዝ ውስጥ ተወልዶ፣ ባሕር ወይም ትልቅ ሐይቅ ገብቶ ያድግና ለመራባት ወደ ወንዙ ይመለሳል። እኛ ባለንበት ጆርጂያ ውስጥ የለም። አባዬ በዓመት አንዴ ከሥራ ፈቃድ እየወሰደ፣ ለእሱ ብሎ ሰሜን ድረስ ይነዳል። የቀረውን ዓመት እዚሁ ቻታሁቺ ወንዝ ላይ ትራውት በሚባል ሌላ ዓሣ «ይለማመዳል»። የሚያጠምድበት ነገር ኒምፍ ይባላል፤ ክንፍ ያላወጣ የውሃ ነፍሳት እንዲመስል በክርና በላባ የተጠቀለለ፣ ከምስር ፍሬ ብዙም የማይበልጥ መንጠቆ ነው። ከበላዩ ትንሽ ብርቱካንማ ተንሳፋፊ ይታሰራል። ኒምፉ ከወንዙ ወለል አጠገብ፣ ክሩ ሳይጎትተው፣ በውሃው ፍጥነት መሄድ አለበት። ተንሳፋፊዋ ቅንጣት ታህል ቆም ካለች ዘንጉን ማንሳት ነው። በቃ፣ ይሄው ነው። ይሄን ሲያደርግ ይውላል። እራት ላይ ምስር ወጡን እያየ ሲቆዝም እማዬ ስንቴ ይዛዋለች።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ደግሞ፣ በጾሙ ወራት እሱ በሚያጠምድበት የወንዙ ክፍል የተያዘ ዓሣ ይለቀቃል፤ ሕጉ ነው። እኛ ሽሮ በሽሮ ላይ እየበላን እንጾማለን፣ ሰውየው ዓሣ ሲይዝና ሲለቅ ይውላል።

ዳንኤል ሽማግሌ የሚልክበት ቀን አስቀድሞ ተነግሮ ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት። አባዬም «ይምጡ» ብሏል። በቀኑ እኔ እንደ ወጉ ጓዳ ተደብቄያለሁ። የበሩ ደወል ተደወለ፤ በጋሽ መኮንን መሪነት ሦስቱ ሽማግሌዎች ገቡ። ትንሽ ቆይታ እማዬ ፊቷ ተለዋውጦ መጣች።

«አባትሽ የለም» አለችኝ በሹክሹክታ።

«የለም ማለት?»

«መኪናውም የለም። ተቀመጡ ብላቸው፣ የመጣንበትን ሳንናገርና መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም አሉ። ቆመዋል።»

ቆመው ከሄዱ አለቀ። ሽማግሌ ተመለሰ ማለት እምቢ ተባለ ማለት ነው። የዳንኤል እናት ደግሞ ዓይኗ መጀመሪያውኑም ሌላ ልጅ ላይ ነበር፤ ሁለተኛ አትልክም። ወደ አባዬ ስልክ ደወልኩ። ስልኩ ወጥ ቤት፣ ፍሪጁ ላይ ጮኸ።

ወንዙ ጋ እንደሚሆን አላጣሁትም፤ ያገር ልብስ እንደለበስኩ በጓሮ በር ወጥቼ መኪናዬን አስነሳሁ። 285 በሚባለው ቀለበት መንገድ ላይ ቅዳሜ ጠዋት ያለውን ትራፊክ ለአትላንታ ሰው አልነግርም። መንገዱን ሙሉ ከአባቴ ጋር ብቻዬን ተጣላሁ። ወንዙ ዳር መኪናውን ሳይ ደስም አለኝ፣ በገንኩም፤ ጎኑ ፓርክ አድርጌ የረገፈውን ቅጠል እየረገጥኩ ወረድኩ።

መሃል ወንዝ፣ ውሃው እስከ ወገቡ ደርሶ፣ ደረቱ ድረስ የሚመጣውን የላስቲክ ሱሪ ለብሶ ቆሟል። «አባዬ!» አልኩ። ሳይዞር አንድ ጣቱን አነሳ፤ ቆይ ማለቱ ነው። ተንሳፋፊዋ በፊቱ አለፈች። ክሩን አንስቶ ሽቅብ ወረወረ። እንደገና ጠራሁት፤ እንደገና ጣት።

ደሜ ፈላ። ጫማዬን አውልቄ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁ። ውሃው ከግድብ ሥር ስለሚለቀቅ በሙቀቱ ወራትም በረዶ ነው፤ በታኅሣሥማ ምን ልበላችሁ። ጉልበቴ ሲደርስ ትንፋሽ አጠረኝ።

«ሰዎቹ ቆመዋል እኮ!»

«አውቃለሁ» አለ፣ ዓይኑን ሳያነሳ።

«እያወቅህ እዚህ ምን ትሠራለህ? ልጁን ካልወደድከው አልወደድኩትም በል። ምን አስደበቀህ?»

ክሩን ቀስ ብሎ ሰበሰበ። «ሽማግሌ ሲመጣ የልጅት አባት ምን ይላል?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ከዘመድ ልማከር ይላል። ወዲያው እሺ ካለ ልጁን አቀለላት። ወንድሞቹን ሰብስቦ ይማከራል።» ዘንጉን ብብቱ ሥር አደረገ። «ታላቄ በጦርነቱ ቀረ። ታናሼ ሱዳን፣ ገዳሪፍ እጄ ላይ ነው የሞተው። ከማን ጋር ልማከር ልበላቸው? ሽማግሌ ፊት ቆሜ ልዋሽ?»

«እማዬስ?» አልኩ።

«እናትሽማ ለእንግዶቹ ሱፍ ስትወቅጥ ነው የሰነበተችው። ገና ሳይጠይቁ ድራሻለች።»

 ይሄን ያህል ነገር ሆዱ ውስጥ ይዞ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ ሰው አቁሞ ወንዝ ይገባል? አንጀቴን በላው። ደግሞ በዘንጉ ብመታው ደስ ይለኝ ነበር።

«እንግዲያው አንቺን ላማክርሽ» አለኝ። «እንደ ልጄ አይደለም፤ እንደ ወንድሜ ሆነሽ ንገሪኝ። ይሄ ልጅ እንዴት ያለ ሰው ነው?» ይሄን ብሎ ፊቱን አዞረና መልሶ ወረወረ። ዓይኔን እያየ መስማት ስላልቻለ ይመስለኛል።

ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ወንድም ሆንኩ። «ወሬ ያበዛል» አልኩ። «ሰዓት አያከብርም። ሲነዳ ሰው ይሳደባል። እናቱን ይፈራል።»

«ሌላስ?»

«ሲያጠፋ አጥፍቻለሁ ይላል። ሳኮርፍ ጥሎኝ አይሄድም፤ እስክመለስ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።»

አባዬ ክሩን አንስቶ እንደገና ወረወረ። ውሃው እግሬን አደንዝዞታል።

«ልስጠው?»

«ስጠው» አልኩ።

ይሄኔ ተንሳፋፊዋ ቆም አለች። ዘንጉን ላፍ አደረገው፤ ዓሣ። ሽማግሌ ቆሟል እያልኩ ስጮህ እሱ ዓሣ ያባብላል። ወደ መረቡ አስገብቶ፣ መንጠቆውን ነቅሎ፣ ውሃው ውስጥ ይዞት ቆየና ለቀቀው። ከዚያ በኋላ ነው የወጣልኝ።

ቤት ስንደርስ ልብስ ለመቀየር ጊዜ አልነበረም። በላስቲክ ሱሪው፣ የእማዬ ምንጣፍ ላይ ውሃ እያንጠባጠበ ሳሎን ገባ። እኔ በጓሮ ዞሬ ጓዳ ሆኜ በበሩ ክፍተት አያለሁ፤ እሰማለሁም። ሦስቱም እንደቆሙ ናቸው፤ ጋሽ መኮንን ግድግዳውን ተደግፈዋል። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ስለ መዘግየቱ አንድ ቃል አልተናገሩም። ጉሮሯቸውን ጠርገው «ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አሉ።

«ከዘመድ ተማክሬያለሁ» አለ አባዬ። «ዘመድ ተስማምቷል። ተቀመጡ።»

ጋሽ መኮንን እየተቀመጡ «እዚህ አገር ዘመድ አለዎት እንዴ?» አሉት።

«አንድ አለኝ» አለ።

አባዬ አሁን አርጅቷል፤ ወንዝ አይገባም። ዳር ተቀምጦ የሌላውን ሰው አወራወር እየነቀፈ ይውላል፤ አድራሹና መላሹ እኔ ነኝ። ዳንኤል ያ ዘመድ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አያውቅም። ወሬውን ከጋሽ መኮንን ሰምቶ፣ በሠርጋችን ቀን ይሄ ይሆን ያ ይሆን እያለ የማያውቀውን ሽማግሌ ሁሉ ጉልበት ሲስም ዋለ። ከዚያ ወዲህም ይጠይቀኛል፤ እኔም አልነግረውም። ቢያውቅ በተጣላን ቁጥር «ራስሽ ስጠው ብለሽ» ሊለኝ ነው።

በሕይወቴ እንደ አባቴ ያናደደኝ ሰው የለም። ባለፈው እሑድ እንኳ አስፓልት ዳር አስቁሞኝ የወንዝ ውሃ ሲያይ ቅዳሴ አስረፍዶብኛል። ተቆጥቼ ልናገረው አፌን ስከፍት፣ ያ «ልስጠው?» ያለኝ ጥያቄው ትዝ ይለኛል። የሞቱ ወንድሞቹን ቦታ ለኔ ሰጥቶ፣ የምለውን ሰምቶ፣ ያልኩትን አደረገ። ስለዚህ እተወዋለሁ፤ አይቶ እስኪበቃው መኪናው ውስጥ ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ።