እትዬ ቋጠሮና የጆንያ መርፌዋ

እትዬ ቋጠሮ የሚሏት ስሟ ጠፍቷቸው አይደለም። የቤተክርስቲያኑን የእርዳታ መጋዘን ከያዘች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እሷ ያሰረችውን ጆንያ መርከብም ዝናብም አይፈታውም። ባሕር ማዶ መሬት ተንቀጠቀጠ፣ ጎርፍ ከተማ ጠረገ በተባለ ቁጥር ምእመኑ ያዋጣው ልብስ ሁሉ በእጇ ያልፋል።

አሠራሯን ልንገራችሁ። ከላይ ሸራ፤ ቤቱ የፈረሰበት ሰው አስቀድሞ የሚሻው ጣራ ነዋ! ከሸራው ሥር ብርድ ልብስ፣ ቀጥሎ ልብስ፣ ሳሙናው በላስቲክ ተጠቅልሎ ከታች። የጆንያውን አፍ ስትሰፋ የሕፃናቱን በቀይ ክር፣ የሴቶቹን በጥቁር፣ የወንዶቹን በነጭ ነው። እዚያ ማዶ በቋንቋ የማይግባባው እንኳ ክሩን አይቶ ያውቃል። ይህን ሁሉ ታዲያ የምትችለው እሷ ብቻ ናት። ሊያግዝ የመጣውን ሁሉ «ተው፣ ታበላሽብኛለህ» እያለች በሩን ስታሳየው ኖራለች። ቁልፉንም አንገቷ ላይ አስራው ነው የምትተኛ።

ቆሽቷን የምታሳርራት ታናሽ እህቷ ናት። እህቷ ነርስ ናት፤ ከእርዳታ ቡድኑ ጋር አራት ጊዜ ሄዳለች። ስትሄድ ጉባኤው እጁን ጭኖ ይጸልይላታል፤ ስትመለስ መድረክ ላይ ፎቶ ታሳያለች፣ ሰዉም ያለቅሳል። እትዬ ቋጠሮ ከፎቶው ውስጥ የምታየው ከእህቷ ኋላ የተከመረውን ጆንያ ነው። «የኔ ክር አገር አየ፤ እኔ እዚሁ አረጀሁ» ትላለች በሆዷ። አንዴማ፣ ይቅር ይበላትና፣ እህቷ ወባ ይዟት ስትመለስ ሾርባ እያጠጣቻት «እሰይ፣ አሁንስ ትቀመጣለች» ብላ አስባለች።

ዘንድሮ አንዲት ደሴት በማዕበል ተመታች፤ ስድስት ሰው ይላካል ተባለ። እትዬ ቋጠሮ ፓስፖርቷን ካወጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ውኃ የማያስገባ ጫማ ገዛች፤ ቤት ውስጥም እየተራመደች አለማመደችው። እሑድ የሂያጆቹ ስም ሲነበብ ስድስተኛዋ ያቺው ነርስ ሆነች። እትዬ ቋጠሮ ከሰው ጋር «አሜን» አለች፤ ጥርሷ ግን አልተላቀቀም።

አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል ይባል የለ? ሰኞ ጠዋት የእርዳታ ቡድኑ አስተባባሪ ቢሮ ገባችና ሳትቀመጥ፣

«እኔ ምን ጎደለኝ? ንገሩኝ እስቲ!» አለች።

አስተባባሪው መነጽሩን አወለቀ። «እህትሽ አልነገረችሽም? በሄደች ቁጥር ‹እኔ ልቅር፣ እትዬ ትሂድ› ትላለች። አሁን አምስተኛዋ ነው።»

«እና?»

«ሌላ ነርስ እናገኛለን። ሌላ ቋጠሮ ከየት እናምጣ? አምና ታመሽ ስትተኚ ሌሎች ያሰሩትን ሃያ ጆንያ እዚያ በዝናብ ፈቱት፤ የሕፃናቱ ልብስ የት እንዳለ አልታወቀማ። እህትሽ ‹አስተምሪኝ› ብትልሽ ምን አልሻት?»

ያለችውን አልረሳችውም። «ያንቺ መርፌ ሰው መውጊያ ነው፤ የኔን ተይልኝ» ነበር ያለቻት። ለካስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሩን የቆለፈችው በራሷ ላይ ነው።

ተጸጸተች እንዳትሉኝ! መንገዱን ሁሉ ስትንጨረጨር ነው የሄደችው። «ደግነቱም የሷ ሆነ! እሱን እንኳ ለኔ አልተወችልኝም!» መጋዘን ደርሳ አንድ ቀይ ክር ሦስቴ በጠሰች።

ከሰዓት በኋላ እህቷ ልትሰናበታት መጣች፤ እንደ ልማዷ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ግቢ» አለቻት።

«ምን አጠፋሁ እትዬ?»

«ግቢ አልኩሽ እኮ! በረራሽ ሐሙስ አይደል? ሁለት ቀን አለሽ። ስትመለሺ ደግሞ ቀሪውን። የሚቀጥለውን የምሄደው እኔ ነኝ፣ ሰምተሻል?»

ነርሷ አፏን ከፍታ አየቻትና ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። እትዬ ቋጠሮ ሸራውን፣ ብርድ ልብሱን፣ ሳሙናውን በየተራው አሳየቻት። ስፌቱ ጋ ሲደርሱ በመርፌው ቀይ ክር ሰክታ ዘረጋችላት። ነርሷ ያዘችው፤ መርፌው ግን አልመጣም። ሳበችው።

«እትዬ፣ ልቀቂው እንጂ።»

«እለቀዋለሁ» አለች እትዬ ቋጠሮ፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ። «ትንሽ ታገሺኝ።»