ከወጨጫ ጫፍ የወረደ ድንጋይ

ቡራዩ ካለው ቤታችን ደጃፍ የወጨጫን ተራራ ባየሁ ቁጥር ቅር ይለኛል፤ የማየው ጀርባውን ነው። ፊቱ ወደ ሰበታ ነው፣ ወደ አባቴ ቤት። አባቴ ካረፈ ወዲህ ያ ፊት በጣም ይናፍቀኛል።

የዛሬው ባለቤቴ ሽማግሌ የላከ ጊዜ አባቴ መጀመሪያ የጠየቀው፣ «ልጁ ምን ይሠራል?» ብሎ ነበር።

«ድንጋይ ያጠናል» አሉ ሽማግሌዎቹ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከተራራው ሥር ሲያርስ ከድንጋይ ጋር ሲጣላ የኖረ ሰው ነው። ስንት ማረሻ ሰብሮበታል! ለቅሞ ድንበር ላይ ይከምረዋል፤ ክረምቱ ሲወጣ ሌላው ብቅ ይላል። «ሥራ ፈት ነው ያመጣችሁልኝ?» አለና ለሌላ ቀን ቀጠራቸው። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። ሌላ ሰው አላገባም፤ ያለ አባቴ ምርቃት ደግሞ ከዚያ ቤት አልወጣም።

ቀጠሮው ሳይደርስ አባቴ ልጁን ራሱን አስጠርቶ፣ «ና፣ እስቲ ድንጋዬን አሳየኝ» ብሎ ወደ ወጨጫ ጫፍ ይዞት ወጣ። እዚያ የሆነውን ሁለቱም ነግረውኛል፤ ሁለቱም ያጋንናሉ።

«ኦቦ፣ ይሄ ተራራ እሳት ነበር» አለው ልጁ። «ከምድር ሆድ የቀለጠ ድንጋይ እየተፋ ራሱን በራሱ ከመረ። የበረደው ሰው ሳይፈጠር ነው።»

«ያ ዋቃ! ተመልሶ ቢነሳስ?»

«አይዞዎት፣ ሞቷል። የሚያርሱት አፈርም እኮ የሱ ድንጋይ ፈርሶ ነው።»

አባቴ ጎንበስ ብሎ አፈሩን በእጁ ዘገነ። ማረሻውን የሚሰብረውና ጤፉን የሚያበቅለው አንድ ነው ብሎ ማመን ሳይከብደው አልቀረም።

ልጁ ግን የባሰውን አደረገ። ነጫጭ ቅንጣት የሚያብለጨልጭበት፣ የሕፃን ራስ የሚያክል ግራጫ ድንጋይ ከጫፉ አንሥቶ ተሸከመ። አባቴ መንገዱን ሙሉ፣ «እኛ ከማሳ አውጥተን እንጥላለን፣ አንተ ወደ ቤት ታስገባለህ? ጣለው እንጂ!» ይለዋል። እሱ ላቡ እየተንጠፈጠፈ፣ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው እያዛወረ ሰበታ ድረስ አወረደው። ድንጋዩን ታቅፎ ግቢያችን ሲገባ ሳየው፣ በቃ፣ አበቃልኝ አልኩ።

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጁ ትንሽ ይጎድለዋል» አለ። «ግን ማንም የማይፈልገውን ድንጋይ ከወጨጫ ጫፍ ተሸክሞ ያልጣለ ሰው፣ የኔን ልጅ አይጥላትም። ሰጥቻለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ የሰማሁት፣ «ሰጥቻለሁ» ሲል የተሰበረውን ድምፁን ነው።