የወርቂቱ ጨርቅ

ደግፌን የሚያውቅ ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማል፤ ሰውዬው አይናገርም። "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" ይባል የለ? እንግዲያው በደግፌ አፍ ዕድሜ ልኩን አንዲት ዝንብ ዝር አላለችም። ሥራው ከአርባ ምንጭ ወጣ ብሎ በጫኖ በኩል ባለ የጥጥ እርሻ የተባይ መድኃኒት መበጥበጥ ነበር። ጠዋት መድኃኒቱን በውሃ ይበጠብጣል፣ በፓምፕ እየገፋ የመርጫ አውሮፕላኗን ሆድ ይሞላል፣ ክዳኑን ይዘጋል፣ ክንፏን መታ መታ ያደርግና ይሸኛታል። አብራሪዋ ካፒቴን ሀብተጊዮርጊስ፣ "እኔን እንኳ ደህና ዋል ሳይለኝ እሷን ይዳብሳል" እያለ ይስቅበት ነበር።

በወዲያኛው ጫፍ አውሮፕላኗን የምትቀበላት ወርቂቱ ናት። ባንዲራ ያዥ ነበረች። አብራሪ ከላይ ሆኖ የትኛው መስመር እንደተረጨ፣ የትኛው እንደቀረ አይለይም። ስለዚህ ማሳው ዳር አንድ ሰው በረጅም እንጨት ባንዲራ ይዞ ይቆማል፤ አውሮፕላኗ ወደ ባንዲራው ቀጥ ብላ መጥታ ረጭታ ስታልፍ፣ እሱ ጥቂት ራመድ ይልና ለሚቀጥለው መስመር ይቆማል። ወርቂቱ አፍና አፍንጫዋን በሻሽ ጠቅልላ ስትቆም ንቅንቅ የለም። ሌሎቹ አውሮፕላኗ ዝቅ ስትል ጎንበስ ይላሉ፤ እሷ ግን ዓይኗን እንኳ አትጨፍንም።

ገና ሳይጋቡ አንድ ቀን መድኃኒቱ አለቀና ሥራው በጠዋት ቆመ። ለወርቂቱ የነገራት አንድ ሰው የለም! ፀሐይ አናቷን እየበሳት፣ ባንዲራዋን አቁማ፣ ሰማይ ሰማይ ስታይ ዋለች። አመሻሽ ላይ እግሯን እየጎተተች ስትመጣ ደግፌ አያት። በማግስቱ የሸሚዙን ጫፍ ቀዶ ነጩን ጨርቅ አሳያት። "ይሄን በአውሮፕላኗ እግር ላይ ካየሽ የቀኑ ሥራ አልቋል፤ ነይ" አላት። ጓደኞቹ በዚያ ዓመት የተናገረው ረጅሙ ንግግር ይሄ ነው ብለው ይምላሉ።

ከዚያ ወዲህ የቀኑ ሥራ ሲያበቃ ነጯ ጨርቅ ትታሰራለች፤ አውሮፕላኗ አንዴ በማሳው ላይ ታልፋለች፤ ወርቂቱ ታያታለች፤ ባንዲራዋን ጠቅልላ ትመጣለች፤ ደግፌ ዳቦና ሙዝ ይዞ ይጠብቃታል። "ሰው ሽማግሌ ይልካል፣ ደግፌ አውሮፕላን ላከ" ተብሎ ተሳቀ። ተጋቡም። ጨርቋም ስሟ "የወርቂቱ ጨርቅ" ሆኖ ቀረ። ወላ አንድ ቀን ዋሽታ አታውቅም።

በሰሜን ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ በመጣው በጋ አውሮፕላኗ ተወሰደች። ስትመለስ ደግፌ አላወቃትም። ቢጫነቷ ጠፍቶ አመድማ ተቀብታለች፤ መርጫ ቱቦዎቿ ተነቅለዋል፤ ሆዷ ተቀዶ አንድ እጀታ ሲሳብ ወለል የሚል በር ተገጥሞላታል። መኪና በማይደርስበት ተራራ ላሉ ወታደሮች ስንቅ ከላይ ልትጥል ነው። ለሙከራ አሸዋ በጆንያ እየተሞላላት በእርሻው ሜዳ ስትጥል ሰነበተች፤ የሚሞላላትም ያው ደግፌ ነበር። ካፒቴኑ ወደ ሰሜን የሚሄድበትን ትእዛዝ ይጠብቃል። ደግፌ ጥጥ ስትረጭ የኖረች አውሮፕላን ለጦርነት ስትሰናዳ ማየቱ ከበደው፤ ግን ለማን ይንገር? ክንፏን መታ መታ አደረገና ሌላ ጆንያ ጫነባት።

በዚያው ሳምንት ከጫኖ በላይ ባለው ተዳፋት እሳት ተነሣ። ሣሩ ደርቆ ክብሪት ነው የሚጠብቀው፤ ከሰል አክሳይ ነው ያስነሣው አሉ። እሳቱ ወደ ጎን እየተሳበ የሚሄደው የወርቂቱ እናት፣ እማማ ወለቴ፣ ወዳሉበት መንደር ነበር። ካፒቴን ሀብተጊዮርጊስ ጭሱን አየና፣ "ጆንያ የጣለ በር ውሃ መጣል ያቅተዋል እንዴ? ደግፌ፣ ሙላልኝ!" አለ። ደግፌ የፓምፑን ቱቦ መስኖው ቦይ ውስጥ ከትቶ ሞላለት።

የመጀመሪያው ውሃ ከንቱ ቀረ። ካፒቴኑ ተመልሶ፣ "ጭሱ ሁሉን ሸፍኖታል፤ መንደሩ የቱ ጋ እንደሚጀምር አይታየኝም" ሲል ወርቂቱ ከኋላው ቆማ ትሰማ ነበር። "ባንዲራዬን ስጡኝ" አለች። የእርሻው ፒካፕ ላይ ወጥታ እስከ መንገዱ መጨረሻ፣ ከዚያ በእግሯ ሽቅብ። ደግፌ የፓምፑን ቱቦ ይዞ ከኋላዋ አያት። አትሂጂ ሊላት ፈለገ፤ ጎንበስ ብሎ ፓምፑን አስነሣ።

ተሳካ። ወርቂቱ በእሳቱና በቤቶቹ መካከል ባንዲራዋን ከፍ አድርጋ ቆመች፤ አውሮፕላኗ ወደ እሷ ቀጥ ብላ መጥታ ከፊቷ ዘረገፈችው። እሳቱ በዚያ በኩል ቸስ ብሎ ጠፋ። እንደገና፣ እንደገናም። የመንደሩ ሰው በቅጠልና በገጀራ ታች ታቹን ሲያጠፋ፣ እማማ ወለቴ ላማቸውን እየጎተቱ ወደ መንገዱ ወረዱ። "ጌታ ሆይ፣ ልጄን!" ይላሉ፤ ዓይናቸው ሽቅብ ነው።

ከሰዓት ነፋሱ ዞረ። ካፒቴኑ ሊሞላ ሲያርፍ ፊቱ ጥላሸት ለብሶ ነበር። "እንዴት ያለች ሴት አግብተሃል ባክህ! ባንዲራዋ አንዴ ትታየኛለች፣ አንዴ ትጠፋለች። እሳቱ በጎኗ እየመጣባት ነው። ሁለት ምልልስ ብቻ ብትታገሥልኝ መንደሩ ዳነ" አለ፤ ይህን ብሎ ውሃ ሊጠጣ ዞር አለ።

ደግፌ ሞልቶ ጨረሰና ክዳኑን ዘጋ። ሁለት ምልልስ። አንዴ ትታያለች፣ አንዴ ትጠፋለች። ከዚያ ወዲያ ምን እንዳሰበ እሱም አያውቀውም፤ እጁ ኪሱ ገባ፣ ነጩን ጨርቅ አወጣ፣ በአውሮፕላኗ እግር ላይ አሰረ። ክንፏን መታ መታ አላደረገም።

ወርቂቱ በጭሱ መካከል ነጩን አየች። አለቀ ማለት ነው። እሳቱ ከጎኗ ሲንጣጣ እየሰማች፣ "እንግዲህ በሌላ በኩል አጥፍተውታል" ብላ አመነች፤ ያቺ ጨርቅ መቼ ዋሽታት ታውቃለች! ባንዲራዋን ጠቅልላ ወረደች። ካፒቴኑ ባንዲራ ፈልጎ አጣ፤ ዞረ፣ ደግሞ ዞረ፣ በግምት ለቀቀው። ውሃው አስቀድሞ በተቃጠለ መሬት ላይ ፈሰሰ። እሳቱ ያን ጊዜ ዘለለና የዳር የዳሩን፣ የእማማ ወለቴን ቤት በላ፤ ያ ወርቂቱ የተወለደችበት፣ አባቷ በእጁ ቀርከሃ እየሰነጠቀ የሠራው ቤት ነው። እንሰቱም ተለበለበ። ሌላውን መንደር ሰዉ ተረባርቦ አዳነው። ወርቂቱ ቆማበት የነበረውም ቦታ በኋላ ተቃጥሎ ተገኘ። ብትቆም ኖሮ ቤቱ ይተርፍ ነበር? ወይስ እሷም አብራ? እሱን ማንም አያውቅም።

በማግስቱ ለካፒቴኑ የሰሜኑ ትእዛዝ ደረሰው። ወርቂቱ ዓይኗ በጭስ ቀልቶ ወደ ሜዳው መጣች። "ካፒቴን፣ እሳቱ ሳይጠፋ ለምን አቆሙ?"

"እኔ? እኔ መቼ አቆምኩ፤ ጠፋሽብኝ እንጂ!"

ወርቂቱ ወደ አውሮፕላኗ እግር አየች። ጨርቋ ጠቁራ እዚያው ታስራለች። ወደ ደግፌ ዞረች። ደግፌ መሬት መሬት ያያል።

"አንተ ነህ?" አለችው።

ዝም። ሰው እንዲህ ባለ ሰዓት እንኳ ዝም ይላል? ይላል፤ ደግፌ ከሆነ ይላል። ወርቂቱ ባንዲራዋን እግሩ ሥር ጣለችና እናቷ ወደተጠለሉበት ዘመድ ቤት ሄደች። አውሮፕላኗም ተነሥታ በአባያ ሐይቅ ላይ አድርጋ ወደ ሰሜን ሄደች፤ ወደዚያ እርሻ ተመልሳ አልመጣችም።

ቤቱ ወና ሆነበት። እህል አልወርድ አለው። ሽማግሌ ቢልክ፣ "ራሱ አፍ የለውም?" የሚል መልስ መጣ። ሳምንታት ካለፉ በኋላ የመንደሩ ሽማግሌ አቶ ዳልጮ ዘንድ ሄዶ ደጃፋቸው ተቀመጠ። አቶ ዳልጮ ነገሩን ያውቁታል። "ልጄ፣ በእኛ በጋሞ ይቅርታ የሚለምን ሰው እርጥብ ሣር ይዞ ይንበረከካል። ሣር የያዘን ሰው ሳይሰሙ መመለስ ነውር ነው። ግን ሣር ይዞ መዋሸት ጎሜ፣ የተከለከለ ኃጢአት ነው፤ መዓቱ ለአገር ይተርፋል። ችለህ እውነቱን ትናገራለህ?" አሉት። ደግፌ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ተዳፋቱ ሁሉ ከሰል ነው፤ ሣር ከየት ይምጣ? ደግፌ በጠዋት ተነሥቶ እስከ አባያ ዳር በእግሩ ወረደ፣ ከውሃው ጠርዝ እርጥቡን ነጨ፣ እንዳይጠወልግ በእርጥብ ከረጢት ጠቅልሎ ያን ሁሉ መንገድ ተመለሰ። ከተቃጠለው ቤት ፊት እማማ ወለቴ፣ ወርቂቱ፣ አቶ ዳልጮና ጎረቤቱ ተቀምጠዋል። ሣሩን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ተንበረከከ።

እማማ ወለቴ አላስጨረሱትም። "ተነሣ ልጄ፣ ተነሣ! ቀርከሃ ይበቅላል፤ ቤት ይሠራል። ልጄን ከየት አበቅላት ነበር? እኔ ብሆን አስሬ ነበር የማወርዳት!"

"እማዬ፣ ቆዪ" አለች ወርቂቱ። "ስለ ቤቱ አይደለም። እኔ በዚያች ጨርቅ ዓይኔን ጨፍኜ አምን ነበር። የእናቴ ቤት ሊነድ ሲል፣ አለቀ ብለህ ጠራኸኝ። አሁን ሣር ይዘሃል፤ ተናገር። እንደዚያ ያለ ቀን ዳግመኛ ቢመጣ ትዋሸኛለህ?"

መልሱ ቀላል ነው፤ አልዋሽሽም ማለት ነው፤ ሣሩን ተቀብላ ታስነሣዋለች፣ ነገሩ ያልቃል። አቶ ዳልጮ እንኳ በል በል የሚል ዓይን ሰጡት።

ደግፌ ሣሩን አየ። ከዚያ እሷን አየ። እንባው ወረደ።

"እዋሽሻለሁ" አለ።

ጎረቤቱ አጉረመረመ። የደግፌ አፍ ግን አንዴ ከተከፈተ ወዲያ አልተዘጋም። "እዋሽሻለሁ፣ ወርቄ። አገሩ ሁሉ ቢነድ እዋሽሻለሁ። ባንዲራሽ አንዴ ታየች፣ አንዴ ጠፋች ሲለኝ እኔ ያን ጊዜ ሞቼ ነበር። እንድትታረቂኝ ብዬ አልዋሽሽም ብል ጎሜ ነው። እወድሻለሁ፤ ከዚህ ሌላ እውነት የለኝም። ካልፈለግሽኝ ንገሪኝና ልሂድ።"

ወርቂቱ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ትስቅ ይሁን ታልቅስ ለማንም አልታወቀም። ተነሥታ መጣች፣ ፊቱ ተንበረከከች፣ ሣሩን ከነእጁ ጨብጣ ያዘችው።

"አፍ አለህ ለካ!" አለችው፤ "አፍ እያለህ ነው ይሄን ሁሉ ዓመት በአውሮፕላን ጨርቅ የምትልክብኝ?"