የሌሊሴ ካሜራና የበጉ ጨጓራ

ሌሊሴ ቦሩን ያወቅኳት ኮልፌ 18 ማዞሪያ አጠገብ፣ አንድ ፎቅ ላይ የተከፈተ የፈጠራ ማዕከል ውስጥ ነው። ማዕከሉ ምን እንደፈጠረ እስከ ዛሬ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ባነር በየሳምንቱ ይታተማል፣ ስብሰባ ይበዛል፣ ሠራተኛው አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሎ ይውላል። እኔ ጉልላት እባላለሁ፤ የዚያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ባለሙያ ስል ፕሮጀክተር እምቢ ሲል የምጠራ ሰው ማለቴ ነው።

ሌሊሴ ግን ሥራ ነበራት። ያደገችው አስኮ ነው፤ አባቷ አቶ ቦሩ እዚያ የቆየ ሉካንዳ አላቸው። የሕክምና መሣሪያ ምሕንድስና ተምራ አንድ ሆስፒታል ውስጥ አራት ዓመት የተበላሸ ዕቃ ስትጠግን ቆየች። እዚያ ያንገበገባት የጨጓራ ማያው ካሜራ ነው። በአፍ ገብቶ ጨጓራን የሚያሳየው ያ ቀጭን ቱቦ ሲበላሽ መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል። በሽተኛው ቀጠሮ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ሌላ ቀጠሮ፣ በመጨረሻ ራሱ መምጣቱን ይተዋል። ስለዚህ እዚሁ የሚሠራ፣ እዚሁ የሚጠገን ካሜራ ልትነድፍ ተነሳች። ሆስፒታሉ «ይሄ የእኛ ሥራ አይደለም» አላት። ማዕከሉ ተቀበላት።

ችግሩ ካሜራውን ማቅጠን ብቻ አልነበረም። ለስላሳ የሰውነት ክፍል እንደ ግድግዳ ቆሞ አይጠብቅም፤ ሌንሱ ላይ ይተኛበታል። ያኔ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቀይ ነገር ብቻ ነው። ሌሊሴ ሁለት ወር ሙሉ ቀይ ስታይ ከረመች። መፍትሔው የመጣው ከአባቷ ነው። አንድ ቀን ከሉካንዳው ጀርባ ባለችው ክፍል ካሜራውን የበግ ጨጓራ ውስጥ ከትታ ስትበሳጭ አዩዋት።

«ሥጋው ዓይንሽ ላይ ከተለጠፈ ምን ልታዪ ነው?» አሏት። «እኔ ውስጡን ማየት ስፈልግ በጣቴ ገፋ አድርጌ ነው።»

በማግስቱ ከሌንሱ ፊት አራት ሚሊ ሜትር ወጣ የምትል፣ ብርሃን የምታሳልፍ ትንሽ ቆብ ነደፈች። ቆቧ ሥጋውን ገፋ ታደርጋለች፣ ሌንሱ በክፍተቱ ያያል። ከዚያ ወዲህ ሉካንዳው ውስጥ ያልታየ ሆድ ዕቃ የለም። ጾም ገብቶ ሉካንዳው ሲዘጋ ምርምሩም አብሮ ይጾማል።

የቀረው ጉም ነው። ሌንሱ ሞቃትና እርጥብ ቦታ ሲገባ ይጋረዳል፣ ሥዕሉ ይደበዝዛል። «ሦስት ወር ይበቃኛል» አለች።

ሦስት ወር የሚባል ነገር ሥራ አስኪያጃችን አይገባውም። ኤልናታን ይባላል። ሕይወቱን ሙሉ አንድ ብሎን አጥብቆ አያውቅም፤ ስለ ብሎን ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ንግግር ማድረግ ይችላል። «አንቱ አትበሉኝ፣ እዚህ ሁላችንም ቤተሰብ ነን፣ ኤልና በሉኝ» ይላል። እንግዳ ባለበት «ኤልና» ያለውን ሰው ግን አንድ ወር ያኮርፈዋል። ሌሊሴ አንድም ቀን አላለችውም። «እርስዎ» ትለዋለች፤ አክብራው እንዳልሆነ ከድምፅዋ ያስታውቃል።

ኤልናታን ትልልቅ እንግዶች እንደሚመጡ ሰማና የካሜራውን ምርቃት ከሁለት ሳምንት በኋላ አደረገው።

«ካሜራው ገና አልደረሰም» አለችው፣ እኔ ባለሁበት።

«ሌሊሴ፣ እንግዶቹ የሚያዩት ስክሪን ነው። ስክሪኑ ካማረ ሌላው ዝርዝር ነው።»

«እኔ የምሠራው እኮ ዝርዝሩን ነው።»

ሳቀባት። እሷ ከወጣች በኋላ ወደ እኔ ዞሮ ከኢንተርኔት አንድ የጨጓራ ምርመራ ቪዲዮ አውርጄ ላፕቶፔ ላይ እንዳዘጋጅ ነገረኝ። «ጥርት ያለ፣ ሮዝ የሆነ ፈልግ» አለኝ። ፈለግኩለት። እምቢ ልለው እችል ነበር፤ አላልኩም። የኤልናታንን ጉድ ሳወራ ይቺን ልዝለላት ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ በአበባና በፊኛ ተጥለቀለቀ፤ የካሜራው ሥዕል ያለበት ኬክ ሳይቀር ተጋግሯል። ፊት ወንበር ላይ ክቡራን ተደረደሩ፤ ግማሾቹ ስልካቸውን ይነካካሉ፣ ግማሾቹ የምሳውን ሽታ ይከተላሉ። ከኋላ ዶክተር ሃጂራ የምትባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ተቀምጣለች። አቶ ቦሩም ለልጃቸው ክብር ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራባት አስረው መጥተዋል። ጠረጴዛው ላይ ትሪ አለ፤ ትሪው ላይ እሳቸው ራሳቸው ጠዋት አጥበው ያመጡት የበግ ጨጓራ። ክቡራኑ አፍንጫቸውን በሶፍት ያዙ።

ሌሊሴ ካሜራዋን ጨጓራው ውስጥ አስገባች። እኔ ከመጋረጃ ጀርባ ቪዲዮውን ከፈትኩ። ስክሪኑ ላይ የሚያብረቀርቅ፣ ልሙጥ፣ ሮዝ ጨጓራ ሞላ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሌሊሴ ስክሪኑን ቀና ብላ አየች፣ እጇ ላይ ያለውን ካሜራ አየች፣ መልሳ ስክሪኑን አየች። ፊቷ አመድ መሰለ።

ኤልናታን ማይክ ይዞ ስለ አገር ትንሣኤ ሲያወራ አቶ ቦሩ እጃቸውን አወጡ። ዕድል የሰጣቸው የለም። ቆሙ።

«ይቅርታ ልጄ፣ ይሄ የእኔ በግ አይደለም።»

ጥቂት ሰው ሳቀ።

«አባባ፣ ይሄ ቴክኖሎጂ ነው» አለ ኤልናታን ፈገግ ብሎ። «አጉልቶ ስለሚያሳይ ነው።»

«ቢያጎላውስ! የበግ ጨጓራ ውስጡ ፎጣ ነው የሚመስለው። እኔ እኮ ስገለብጠው ነው የኖርኩት። ይሄ ልሙጥ ነው። ይሄ የበግም የፍየልም አይደለም።»

«ልክ ናቸው» አለች ዶክተር ሃጂራ ከኋላ። «ይሄ የሰው ጨጓራ ነው። ትሪው ላይ ያለው የሰው ነው እንዴ?»

ኤልናታን «ዋናው ራእዩ ነው…» ብሎ ጀመረ። ሌሊሴ ግን መልስ አልጠበቀችም። ወደ መጋረጃው መጥታ የእኔን ገመድ ከፕሮጀክተሩ ነቀለችና የራሷን ሰካች። ስክሪኑ ላይ ግራጫ ጉም መጣ። በጉሙ መሃል፣ በግማሽ ሥዕሉ ላይ ብቻ፣ ጸጉር ጸጉር ያለ ቡናማ ነገር ይወዛወዛል።

«አዎ!» አሉ አቶ ቦሩ። «እሱ ነው!»

«የእኔ ካሜራ ዛሬ የሚያየው ይሄን ያህል ነው» አለች ሌሊሴ። «መጀመሪያ የታየው ቪዲዮ የእኔ አይደለም።»

ያጨበጨበ የለም። ከክቡራኑ አንዱ «ኧረ ይሄን ነገር አጥፉት፣ ምሳ ልንበላ ነው» አለ። እሱ ሲነሳ ሌሎቹም ተከትለው ተነሱ። የተነገራቸው ውሸት አላስቆጣቸውም፤ ያስቆጣቸው እውነተኛውን ጨጓራ ማየታቸው ነው። ኬኩ ውጭ ወጥቶ ተቆረሰ፣ ፎቶ ተነሱ። አዳራሹ ውስጥ የቀሩት አባትና ልጅ፣ እኔና ዶክተር ሃጂራ ነን። ሐኪሟ ወደ ትሪው ጠጋ ብላ ካሜራውን አነሳች።

«ይቺ ቆብ ጎበዝ ናት» አለች። «ጉሙን ምን ልታደርጊው አስበሻል?»

«ሌንሱን ከመግባቱ በፊት ማሞቅ ነው ዶክተር። ሙቀቱ እኩል ከሆነ አይጋረድም።»

«ስታሞቂው ሥጋውን እንዳያቃጥል ተጠንቀቂ። ሲደርስ ደውዪልኝ፣ ተማሪዎቼ የሚለማመዱበት ነገር የላቸውም።»

በሳምንቱ ሌሊሴ «የማዕከሉን ገጽታ በማጉደፍ» የሚል የስንብት ደብዳቤ ደረሳት። ደብዳቤውን ያተምኩት እኔ ነኝ። ኤልናታን ከዚያ በሚበልጥ መሥሪያ ቤት ተሾመ፤ አሁን ስለ ሐቀኝነት ሥልጠና ይሰጣል አሉ፣ አልገረመኝም። ሰውየው ዕቃ ሆኖ ቢሆን ሌሊሴ እንኳ አትጠግነውም ነበር።

ባለፈው ሰኔ አስኮ ወርጄ ሉካንዳው ገባሁ። ሌሊሴ ከጀርባ ክፍል ውስጥ ዘጠነኛውን ካሜራዋን እያሞቀች ነበር። ሰባተኛውን የዶክተር ሃጂራ ተማሪዎች በበግና በፍየል ሆድ ዕቃ እየተለማመዱበት ነው። ሰው ውስጥ ለመግባት ገና ብዙ ምርመራና ፈቃድ ይቀረዋል፤ እሷም ደርሷል ብላ ለማንም አላወራችም። ስክሪኑን አየሁት። ፎጣው ጥርት ብሎ ይታያል።

«ያን ቀን ቪዲዮውን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ። ገመድህን የነቀልኩት እኔ አይደለሁ?»

ይቅርታ ለማለት ቃል ስፈልግ ተመልሳ ወደ ሌንሷ ጎንበስ አለች። ተቀመጥ አላለችኝም፣ ውጣም አላለችኝም። ትንሽ ቆሜ ወጣሁ። አቶ ቦሩ ቢላቸውን እየሳሉ ሽንጥ ነው ጎድን የምፈልገው ብለው ጠየቁኝ። ግማሽ ኪሎ ሽንጥ አስቆርጬ ታክሲ ተራ ሄድኩ።