ከማሙሸት የተደበቀው ልብ

መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ ሄዶ ማሙሸትን የጠየቀ ሰው አይቸገርም ነበር። ጫኝና አውራጅ ነው። ሌላው ለሁለት የሚያወርደውን ኩንታል እሱ ብቻውን ከአይሱዙው ላይ ይቀበልና እያፏጨ መጋዘን ይገባል። ሚስቱ ጽጌሬዳ እዚያው ጥግ ላይ የተቀደደ ጆንያ እየሰፋች ትሸጣለች፤ እጇ መርፌው ላይ፣ ዓይኗ ባሏ ላይ። ቆንጆ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ፣ ሻይ የምትሸጠውን ምስራን ስለምትጠረጥር ነው። በከንቱ ነው የጠረጠረቻት። ምስራ ዓይኗን የጣለችው ሌላ ሰው ላይ ነው፤ እሱን ተዉት።

ፉጨቱ የቆመው ከጥምቀት በኋላ ነው። መጀመሪያ የመጋዘኑ ደረጃ ላይ ቆም ማለት አመጣ። ቀጥሎ እግሩ አብጦ ጫማው እምቢ አለ። በኋላማ ጋደም ሲል ትንፋሹ እያጠረበት፣ ትራስ ደራርቦ ተቀምጦ ማደር ሆነ ሥራው። «ብርድ ነው» ይላል። መርካቶ ውስጥ ብርድ የማያመጣው በሽታ የለም። ጽጌሬዳ አልቅሳም ተቆጥታም አኩርፋም መሳለሚያ ካለ ክሊኒክ ወሰደችው። ክሊኒኩ ደግሞ ወደ ሆስፒታል ላካቸው፤ ልቡ በአልትራሳውንድ ይታይ ተባለ።

ይሄ ወሬ ጓደኞቹ ጆሮ ሲገባማ አለቀለት።

«አልትራሳውንድ? ስንት ወርህ ነው?» አለው ሃብታሙ፣ ከሁሉም ምላሰኛው።

«እኔስ ሆዱን አይቼ ጠርጥሬ ነበር» አለ ዱባለ፣ የቡድኑ አለቃ።

«ወንድ ከሆነ ሃብታሙ እለዋለሁ» አለ ማሙሸት። «እንዳንተ ሰነፍ እንዳይሆንብኝ ነው የፈራሁት።»

ሆስፒታል ሸሚዙን አውልቆ በግራ ጎኑ ተኛ። ዶክተሯ ልጅ እግር ናት። ቀዝቃዛ ዝልግልግ ነገር ደረቱ ላይ ቀባችና መመርመሪያውን በጎድን አጥንቱ መሃል እየተጫነች ታንሸራትት ጀመር። ሰውየው ፊቱ ወደ ግድግዳ ነው፤ ስክሪኑን የምታየው ጽጌሬዳ ናት። ጥቁር ጉድጓድ አየች፣ ዙሪያው ነጣ ያለ። ጉድጓዱ ጭምቅ ብሎ መከፈት ያለበት ይመስላል፤ ግን ትንሽ ይንቀጠቀጥና ይተወዋል። ከሱ ይልቅ የፈራችው የዶክተሯን ዝምታ ነው። ሲገቡ ስታጫውታቸው የነበረች ልጅ አፏን ዘጋች።

ማሙሸት ልብሱን እየለበሰ ሳለ ጽጌሬዳ ዶክተሯን ተከትላ ኮሪደር ወጣች።

«የልቡ ጡንቻ ደክሟል» አለቻት ዶክተሯ። «ተለጥጦ ሰፍቷል። ጤነኛ ልብ አንዴ ሲመታ ከያዘው ደም ከግማሽ በላዩን ይገፋል። የሱ ሩቡን እንኳ በቅጡ አይገፋም።»

«ይድናል?»

«መድኃኒቱን ካላቋረጠ፣ ጨው ከቀነሰ፣ ብዙ ሊቆይ ይችላል። ሸክም ግን በቃ። ጥሪው፣ ልንገረው።»

«እንዳትነግሪው የኔ እናት!» ክንዷን ጭምድድ አድርጋ ያዘቻት። «በቁሙ ትገድይዋለሽ። እኔ በወጉ እነግረዋለሁ።»

«እትዬ፣ የራሱ ልብ እኮ ነው። ማወቅ አለበት።»

«በወጉ አልኩሽ!»

ኮሪደሩ በበሽተኛ ጢም ብሏል። ዶክተሯ «እንግዲያው ዛሬውኑ ንገሪው» ብላ ገባች።

በወጉ ማለት እንግዲህ እናንተም ታውቁታላችሁ። ክፉ ወሬ ሰው ላይ አይወረወርም። በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ እያባበለ ነው የሚነገረው። ጽጌሬዳም የሞተ ሰው ሳይኖር ነገሩን እንደ መርዶ ያዘችው። ጾሙ ይፈታ፣ ወንድሙ ካሳ ከባሕር ዳር ይምጣ፣ ያኔ ተሰብስበን እንነግረዋለን አለች። እስከዚያው «እውነትህን ነው፣ ብርድ ነው ተባለ» አለችው። ኪኒኑንም የብርድ ነው እያለች ጠዋት ጠዋት በእጇ ታጎርሰዋለች።

ሸክሙን በምን ታስቁመው? ለዱባለ ነገረችው፣ ቀላል ቀላሉን እንዲሰጠው። «ለማንም እንዳትናገር» ብላ አስማለችው። ዱባለም ለማንም አልተናገረም፤ ለሃብታሙ ብቻ ነው። ሃብታሙ ለምስራ ብቻ። ምስራ ደግሞ ሻይ ለሚጠጣ ሁሉ። ብዙም ሳይቆይ የማሙሸትን ልብ በርበሬ ነጋዴው፣ ማር ሻጩ፣ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ዘበኛ ሳይቀር አወቀው። ማሙሸት ሲቀር።

ክፋቱ፣ መድኃኒቱ ሠራ። የእግሩ እብጠት ጎደለ፣ ጋደም ብሎ መተኛት ቻለ። ብርዱ ለቀቀኝ ብሎ ወደ መኪናው ሲጠጋ ዱባለ ባዶ ካርቶን ያሸክመዋል። ኩንታል ሲነካ ሁለት ሰው ሮጦ ይነጥቀዋል። ሲመጣ ወሬ ይቋረጣል። ሃብታሙ ጭራሽ መሳደቡን ትቶ «ጋሼ ማሙሸት፣ አረፍ ይበሉ» አለው። ትናንት ስንት ወርህ ነው ያለህ ሰው ዛሬ አንቱ ቢልህ ምን ትላለህ? ደሙ ፈላ። ከቡድኑ ሊያስወጡኝ ነው ብሎ ደመደመ።

አንድ ቅዳሜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጤፍ የጫነ መኪና ቆሟል። ማሙሸት ዱባለን በሰው ፊት ያዘው።

«በኔ ቦታ የሚስትህን ወንድም ልትሰገስግ ነው አይደል?»

«ኧረ በራጉኤል!»

«ራጉኤልን ተወው። ዞር በል።»

ኩንታሉን ከመኪናው ጫፍ ጎትቶ ትከሻው ላይ ጣለው። ጽጌሬዳ መርፌዋን ጥላ ተነሳች። የጮኸው ግን ዱባለ ነው።

«ማሙሸት ተው! ልብህን! ሩብ ነው የቀረው ብላለች እኮ ዶክተሯ!»

ማሙሸት ከነሸክሙ ቆመ። «የማን ልብ?»

ሃብታሙን አየው፣ አቀረቀረ። ምስራን አያት፣ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። ማር ሻጩ እንኳ ፊቱን አዞረ። ዓይኑ መጨረሻ ላይ ሚስቱ ላይ አረፈ፤ ያኔ ገባው። ኩንታሉን ግን አልጣለውም። መጋዘን ይዞ ገባ፣ ድርድሩ ላይ አስተካክሎ አስቀመጠው፣ ከዚያ እዚያው ጤፉ ላይ ተደግፎ ተንሸራተተ።

ሆስፒታል ኦክስጅን ላይ ሰነበተ። ሲሻለው ያችው ዶክተር እንደገና መመርመሪያውን ደረቱ ላይ አደረገች።

«አዙሪልኝ፣ ልየው» አላት።

ስክሪኑን አዞረችለት። ያኔ ይንቀጠቀጥ የነበረው የልቡ ግድግዳ አሁን ባንድ ጎኑ ጭራሽ ዝም ብሏል። ማሙሸት ልቡን እንደ ሰው ትክ ብሎ ተመለከተው።

«ያን ጊዜም እንዲህ ነበር?»

«ይሻል ነበር» አለች። ለመዋሸት አልሞከረችም።

ወደ ጽጌሬዳ ዞረ። «ቢነገረኝ እኮ እቀመጥ ነበር።» ይኸው ነው ያለው። ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

ቤት ከገባ በኋላ የሷን ቃል ማመን ተወ። ወጡ ጨው የለውም ስትለው መጀመሪያ በምላሱ ጫፍ ይቀምሰዋል። ዝናብ እየዘነበ ነው ስትለው ተነስቶ በሩን ከፍቶ ያያል። ኪኒኑን ከእጇ አይቀበልም። ጠያቂ ሲመጣ ደግሞ «እናንተ ታውቁታላችሁ፣ እስቲ ልቤ እንዴት ነው?» ይለዋል፤ ጠያቂው ለመሄድ ሰበብ ይፈልጋል። ወንድሙ ካሳ መጥቶ ሊያስታርቃቸው ሞከረ። «ተጣልተናል ያለህ ማነው?» አለው ማሙሸት።

ክረምቱ ሲገባ ለሌላ ምርመራ ተቀጠረ። ከታክሲ ወርዶ በየጥቂቱ እየቆመ እየተነፈሰ፣ እሷ ክንዱን ይዛው ደረሱ። የምርመራው ክፍል በር ላይ ግን እጇን ከክንዱ ላይ አነሳው።

«አንቺ እዚህ ጠብቂኝ።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። በሩ ቶሎ አልተከፈተም። ሲወጣ ሸሚዙን እየቆለፈ ነበር።

«ምን አለችህ?»

«እንሂድ» አለ።

በማግስቱ ሃብታሙን አስጠራው። ጽጌሬዳ አጭር ናት፤ ከቆጡ ላይ ዕቃ የሚያወርድላት ሁልጊዜ ባሏ ነበር። አሁን አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ ሃብታሙን በርጩማ ላይ አቁሞ ሁሉንም አስወረደው። የዱቄቱን ባልዲ፣ የክረምቱን ብርድ ልብስ፣ ለድግስ የሚወጣውን ትልቁን ድስት። አንድ በአንድ በታችኛው መደርደሪያ ላይ እንዲደረድረው አደረገ።

«እሱን ባልዲ ደግሞ ዝቅ አድርገው ወንድሜ፣ እዚያ አትደርስበትም» ይለዋል።

ሃብታሙ፣ ያ ምላሰኛ፣ «እሺ ጋሼ» ብሎ ዝቅ አደረገው። ጽጌሬዳ በሩ ላይ ቆማ አየች። ዶክተሯ ምን እንዳለችው ዳግመኛ አልጠየቀችውም።