በአባ ጋቢ የሄደችው ታንኳ

ዛሬ ጠዋት ጣና ላይ የቄስ ጋቢ ሸራ ሆኖ ታንኳ ሲነዳ አየሁ። ታንኳዋ ላይ የነበርኩትም እኔው ነኝ።

ከወረታ የወጣሁት ክርስትና ላነሳ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ከውሃው ማዶ ስለሆነ፣ ሕፃኗን ከሚያጠምቁት አባ ጋር በደንገል ታንኳ ተሳፈርን። ቀዛፊውም እሳቸው ናቸው።

መሃል ላይ አባ ትንሽ ሊያርፉ ያስቀመጡትን መቅዘፊያ፣ እኔ ለፎቶ ስመቻች በክርኔ ገፍቼ ጣልኩት። እምቦጩ ውስጥ ገብቶ ቀረ። (የአዲስ አበባ ልጅ መሆኔን ለማስመስከር ሌላ ምን ቀረኝ?)

«ረፈደብን እኮ አባ!» አልኩ፤ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

«እኔ ቄሱ፣ አንች ክርስትና እናቷ። ያለእኛ ምን ሊጀምሩ?» ብለው ጋቢያቸውን አወለቁ። የላዩን ጫፍ እሳቸው፣ የታቹን እኔ ይዘን ወጠርነው።

ንፋስ አለ አይባልም ነበር። ጋቢው ግን እንደተኛ ሰው ደረት ቀስ ብሎ ተነፋ፤ ታንኳዋም ተንቀሳቀሰች። ውሃው ድምፅ የለውም። የፎገራ ሜዳ ከኋላችን ጭጋግ ውስጥ ሲሟሟ፣ እኔም አብሬው የምሟሟ መሰለኝ።

እልልታው ከዳር መሰማት ሲጀምር አባ ጋቢውን ዝቅ አደረጉት። ታንኳዋ ቆመች።

«ትንሽ ብንቆይስ?» አሉኝ።

እናንተስ፣ እየተጠበቃችሁ መድረስ ያልፈለጋችሁበት መንገድ የለም? እስኪ ጻፉልኝ። ለልጅቷ እናት ግን እንዳትነግሩብን።